ስለ ሚኔሶታ ቶርኔዶ ጠይቁኝ

ሰላም የሚኔሶታ ልጆች! ስካይዋርን የሚባለውን የማዕበል ተመልካቾች ስልጠና ስለወሰድኩ ሰሞኑን ስለ ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ መሬት ስለሚወርደው አውሎ ነፋስ) የጠየቃችሁኝን እዚሁ ባንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከመጣሁ አመት አልሞላኝም። ባለፈው ረቡዕ ቀን ሳይረን ሲጮህ ልጆቼን ይዤ ቤዝመንት ወረድኩ፣ ጎረቤቶቼ ግን ዞር ብለውም አላዩ። ምንድነው ነገሩ?

አይዞሽ እህቴ፣ የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ለሙከራ ነው የሚያስጮሁት። ከዛ ውጪ ከጮኸ ግን የምር ነው፣ ያደረግሽውን ድገሚው። ደግሞ ሳይረኑ ውጪ ላለ ሰው ታስቦ የተተከለ ስለሆነ መስኮት ዘግቶ ኤሲ ለቆ የተኛ ሰው ላይሰማው ይችላል፣ ስለዚህ ስልክሽ ላይ ኢመርጀንሲ አለርት እንዳታጠፊ። ዝም ሲልም አለፈ ማለት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያው ስንት ሰዓት ድረስ እንደሆነ ስልክሽ ላይ እዪ። «ዋች» ካለ ሊፈጠር ይችላልና ተዘጋጂ፣ «ዋርኒንግ» ካለ ግን ወዲያው ውረጂ።

ጥያቄ፦ ቶርኔዶ የኦክላሆማና የካንሳስ ጣጣ አይደል እንዴ? ሚኒያፖሊስ ውስጥ ደሞ ፎቁና ወንዙ ይመክተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ይሄ ወሬ ሰው ያስጨርሳል ወንድሜ። በ1886 ሴንት ክላውድን የመታው ቶርኔዶ ሚሲሲፒን ተሻግሮ ሳውክ ራፒድስን አፈራርሶ 72 ሰው ገድሏል፣ በዚህ ስቴት ታሪክ የከፋው እሱ ነው። በ1883 ሮቸስተር ላይ 37 ሰው ሲሞት ቁስለኛ የሚተኛበት ሆስፒታል እንኳን አልነበረም፣ ከዛ በኋላ ነው መነኮሳቱ ከዶክተር ሜዮ ጋር ሆነው በ1889 ሆስፒታል የከፈቱት፣ ዛሬ ስንቶቻችን የምንሰራበት ሜዮ ክሊኒክ አመጣጡ እንዲህ ነው። ሜይ 6 ቀን 1965 ደሞ ባንድ ምሽት 6 ቶርኔዶ መንትያ ከተሞቹ (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) አካባቢ ወርዶ 13 ሰው ሞተ፣ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ያለችውን ፍሪድሊን ሁለቴ ነው የመታት። በዛ ምሽት ለጦርነት የተተከለው ሳይረን እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአየር ጠባይ ጮኸ፣ ሬዲዮውም ሲያስጠነቅቅ ስላመሸ ብዙ ሰው ተርፏል።

ቅርቡን ካልክ ሜይ 22 ቀን 2011 ኖርዝ ሚኒያፖሊስ ነው። ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ 1 ብቻ ነበር፣ ግን ትልልቅ ዛፎችን ከነስራቸው ነቅሎ ጣሪያ ላይና መኪና ላይ ጣላቸው፣ መኪናው ላይ ዛፍ የወደቀበት ሰው ሞቷል። ጣሪያ ማስጠገኛ ያጣው ቤት ሰማያዊ ሸራ ለብሶ ስንት ጊዜ ቆየ! ተከራዩና ኢንሹራንስ የሌለው ነው የተጎዳው፣ እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚበዛው?

ጁን ላይ፣ ቀጥሎ ጁላይና ሜይ፣ አብዛኛው ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት። ግን ማርች 29 ቀን 1998 ሴንት ፒተርን መትቷል፣ በ2021 ደሞ ዲሴምበር 15 ላይ ወርዷል፣ በዚህ ስቴት በዲሴምበር ሲወርድ የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ 14ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ የት ልግባ?

ጊዜ ካለሽ በደረጃ ወደ ታች ውረጂ፣ ሊፍት አትጠቀሚ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ካልደረሰልሽ መስኮት የሌለው ኮሪደር ወይ ባኞ ቤት ገብተሽ ጭንቅላትሽን ሸፍኚ። ሰገነት ላይ ወጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ይቅር፣ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ ኡበር እነዳለሁ፣ መንገድ ላይ ቢይዘኝ ድልድይ ስር ልቁም?

በጭራሽ! ንፋሱ ድልድይ ስር ሲጠብ ይብስበታል፣ ፍርስራሹንም ይዞ ይገባል። በ1999 ኦክላሆማ ውስጥ ድልድይ ስር የተጠለሉ 3 ሰዎች ሞተዋል። ቅርብ ያለ ጠንካራ ህንጻ ግባ፣ ነዳጅ ማደያም ሱቅም ይሁን። ምንም ከሌለ ቀበቶህን እንዳሰርክ ከመስኮቱ በታች ጎንበስ በል፣ ወይም ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘህ ወርደህ ተኛ። ኢንሹራንስህ ላያቢሊቲ ብቻ (ሌላ ሰው ላይ ያደረስከውን ጉዳት ብቻ የሚሸፍን) ከሆነ ደሞ ዛፍ ቢወድቅብህ መኪናህን አይከፍልልህም።

ጥያቄ፦ የቤት ኢንሹራንስስ ይሸፍናል?

የንፋስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል፣ ግን ዲደክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ሳይከፍል በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) አንብቡ፣ ለንፋስና ለበረዶ ለብቻው በፐርሰንት የሚቆርጡ አሉ፣ 300,000 ዶላር ኢንሹር የተደረገ ቤት ላይ 2 ፐርሰንት ማለት 6,000 ከኪሳችሁ ነው። ተከራዮች፣ የባለቤቱ ኢንሹራንስ ህንጻውን እንጂ እቃችሁን አይመለከትም፣ ሬንተርስ የሚባለውን የተከራይ ኢንሹራንስ ግዙ። ከማዕበሉ ማግስት በር እያንኳኳ «ዲደክቲብሉን እኔ እችልሃለሁ» የሚል ጣሪያ ሰሪ ከመጣ አትፈርሙለት፣ በሚኔሶታ ህግ ክልክል ነው።