ግድግዳው ላይ ከመሳላችሁ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ያለው ሬስቶራንታችን በጎኑ 12 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ባዶ የጡብ ግድግዳ አለው። ከኤልሳልቫዶር ጎረቤቶቻችን ጋር ተመካክረን የሰፈሩን ስደተኞች የሚያሳይ ሥዕል ልናሠራበት ነው። ሠዓሊም አግኝተናል። ከምን እንጀምር? ቀለሙስ ስንት ይበቃል?

መልስ፦ ከውኃው ጀምሩ። ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ጨው ነው፤ እርጥበት ከውስጥ እየገፋ አውጥቶታል። በላዩ የተቀባ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አሸንዳው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ። ከዚያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ አጥብቃችሁ ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ውስጡ ላብ ይዞ ከተገኘ ግድግዳው ገና አልደረቀም።

ቀለም ነክቶት የማያውቅ አሮጌ ጡብ መተንፈስ ይፈልጋል። ሲሊኬት የሚባለው የማዕድን ቀለም እርጥበቱን ያሳልፋል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ቀድሞ በተራ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሲሊኬት አይዝለትም። የላላውን ፍቃችሁ ለቤት ውጭ የሚሆን አክሪሊክ (በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም) ተጠቀሙ። ሻካራ ጡብ ቀለም ይጠጣል፤ 1 ሊትር አክሪሊክ 6 ካሬ ሜትር ቢሸፍን ነው። ለእናንተ 48 ካሬ ሜትር አንድ እጅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) 8 ሊትር፣ ሁለት እጅ ቀለም 16 ሊትር ይፈጃል፤ በጋሎን ከ2 እና ከ4 ትንሽ በለጥ ይላል። ተቀላቅሎ የሚዘጋጀውን አብዝታችሁ በጥብጡ፤ መሐል ላይ ካለቀ ያንኑ መልክ መድገም ከባድ ነው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አትቀቡ፣ አክሪሊኩ በደንብ አይያያዝም።

ግድግዳው ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ርካሽ ቢጫና ቀይ ቶሎ ይነጣሉ። ባንዲራ ካሰባችሁ አረንጓዴው ብቻውን እንዳይቀር፣ ፀሐይ የሚችል ቀለም ይሁን ብላችሁ ከሠዓሊው ጋር ተስማሙ።

ሰፈርተኛው ሁሉ እጁን ያሳርፍ ካላችሁ መሰላል ላይ አታውጡት። ፊላደልፊያ ውስጥ የተለመደው ዘዴ ይሻላል፦ ሥዕሉ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር በሚሆኑ ስስ ጨርቆች ላይ ተነድፎ ለየቀለሙ ቁጥር ይሰጠዋል። ሕፃን ሽማግሌው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ከብቦ ቁጥሩን እያየ ይቀባል፤ በኋላ ባለሙያ እንደ ሙጫ በሚያገለግል አክሪሊክ ጄል ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። አየር ከሥሩ ከቀረ ያብጣልና ከመሐል ወደ ጠርዝ እየገፉ ማስወጣት ነው።

ባትጠይቁንም፣ ጀበናና ላሊበላ በየሜኑው ላይ አሉ። ታክሲ የነዳውን፣ ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያደረውን ሰው ሳሉት። እዚያው ኮሎምቢያ ሮድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 የላቲን አሜሪካ ስደተኞች የሳሉትን ትልቅ ሥዕል ሄዳችሁ እዩ። በ2005 መታደስ አስፈልጎታል፤ እናንተም የማደሻ ገንዘብ ከአሁኑ ለዩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ሠዓሊው ግን አማርኛ አያነብም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጽሑፉን በተራ ፋይል አትላኩለት፤ ፎንቱ ከሌለው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ፊደሎቹን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (እንደ ሥዕል) ለውጣችሁ በፒዲኤፍ ስጡት። የ«ቡ» ቅጥያ ከእግሩ መሐል ወደ ታች ትንሽ ከወረደች «ቡና» «ቢና» ሆኖ ቁጭ ይላል። ለላቲን ፊደል የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ቁመት ነው፤ የእኛ ቅጥያዎች ጥቃቅን ስለሆኑ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉት። በጠመኔ ተነድፎ ሳለ አንባቢ የሆነ ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያንብበው።

ጥያቄ፦ ሕንፃው የኪራይ ነው። ባለቤቱ ነገ ቢያስጠፋውስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የሠዓልያን መብት ሕግ የሚከላከለው ለሠዓሊው እንጂ ለተከራይ አይደለም፤ ያውም ሥራው ዕውቅና ያገኘ ሲሆን ነው። ኒውዮርክ ኩዊንስ፣ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል በግድግዳ ሥዕል የተሞላ ሕንፃ ላይ በ2013 ሥዕሎቻቸው በነጭ ቀለም ለተደፈኑባቸው 21 ሠዓልያን ፍርድ ቤት በ2018 6.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈርዶላቸዋል። በዚያ ሳትተማመኑ ከባለቤቱ ጋር ተፈራረሙ፦ ሥዕሉ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ጡቡ ሲጠገን ማን ይከፍላል፣ ሰው ሲሞነጫጭርበት ማን ያጸዳል። ሠዓሊው መብቱን በጽሑፍ እንዲተው ባለቤቱ ከጠየቀ፣ ሳይፈርም በፊት ጠበቃ ያሳይ።