ጠላት በዛብኝ ለምትለው የሸዋ ልጅ

ከመንዝም፣ ከደብረ ብርሃንም፣ ከምንጃርም ወጥታችሁ ባሕር ማዶ የከረማችሁ ልጆች ስትደውሉልኝ ወሬያችሁ አንድ ነው፦ ጠላት በዛብኝ። እንግዲህ ሳልለሳልስ ልንገራችሁ።

1. ውክልና። አገር ቤት ጉዳይህን ለሚፈጽምልህ ሰው የምትሰጠው ውክልና በኤምባሲ ይረጋገጥ፣ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጽድቀው። ለአንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። አለቀ።

2. ጠላትህን ለይ። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ላይ ቤቱ የነደደበት ሰው ጠላት አለብኝ ቢል ማን ይከራከረዋል? ያንተው ግን የአጎትህ ልጅ ነው። የመሬትህን ድንበር ገፋ አሉህ። ማን ነገረህ? ያው ብር የምትልክለት ሰው!

3. እግዚአብሔር ይደግፈኛል ካልክ ለጠንቋይ አትላክ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። እሑድ ነጠላ አጣፍተህ ታስቀድሳለህ፤ ሰኞ «መተት ተደርጎብሃል፣ ጥቁር በግ ያስፈልጋል» ሲሉህ በሃዋላ ትልካለህ። (ለእናትህ ጋቢ ግዛ ሲሉህ ግን ወር አልደረሰም!) የተረፈህን ደግሞ ለጠበቃ።

አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ አውቃለሁ። ለአንዲት ቁራጭ መሬት አጎቱን ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት አንከራተተ። እናቱ በወንድሟና በልጇ መሀል ሆና ስትብሰለሰል አረፈች። አስከሬኗን የተሸከመው ያ «ጠላት» ነው፤ ልጁ በስልክ ቪዲዮ ነው ያየው። ያኔ ጠንከር ብዬ አለመቆጣቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዳዊት አለህ አይደል? የሰኞውን ግለጥ፤ መዝሙር 3። ንጉሥ ዳዊትን ያሳደደው የገዛ ልጁ አቤሴሎም ነው፤ ንጉሡ በባዶ እግሩ እያለቀሰ ከኢየሩሳሌም ወጣ። እንዲያም ሆኖ ተኛሁ፣ አንቀላፋሁ፣ እግዚአብሔር ደግፎኛልና ነቃሁ ይላል። አንተ ከሌሊት ፈረቃ ገብተህ እንኳ ዓይንህን አትከድንም! ሳሚ የሚባል ሰው ድንጋይ እየወረወረ ሲረግመው ዳዊት ተዉት አለ። እጁን አጣጥፎም አልተቀመጠም፤ ከአቤሴሎም ጋር ያበረውን የአማካሪውን የአኪጦፌልን ምክር እንዲያፈርስ ወዳጁን ኩሲን መልሶ ላከው። ጦሩን ሲያሰልፍ ደግሞ ለልጁ እንዲራሩለት አዘዘ። አምላኩን ያመነ ሰው እንዲህ ነው፤ ይጠነቀቃል፣ ግን አይበቀልም።

ስለዚህ ክሱን አቁምና ሽማግሌ ላክ። ጠላውንና እንጀራውን አንተ ቻል። ለአጎትህ ልጅ ደግሞ በሰው አፍ ሳይሆን ራስህ ደውልለት፤ ሰዓቱን አይተህ ታዲያ፣ በእኩለ ሌሊት እንዳትቀሰቅሰው።