መልስ፦ ለካርቦኑ ብዬ የፖሊስተር አንሶላዬን ጥዬ የጥጥ ልግዛ?

አትጣይው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት መሠራቱ እውነት ነው፤ ግን ሲመረት የወጣው ካርቦን አንዴ ወጥቷል፣ ብትጥይው አይመለስም። አዲስ ጥጥ ስትገዢ ሌላ ትጨምሪበታለሽ። መሀሉ እስኪሳሳ ተኚበት።

መቀነስ የምትችዪው አጠባው ላይ ነው። ማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚበላው በአብዛኛው ውሃ ለማሞቅ ነው። ከ60 ዲግሪ ወደ 30 አውርጂው። ማድረቂያውን ተዪና ገመድ ላይ አስጪው። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያም አይፈልግም (አንሶላ የሚተኩስ ሰው አሁንም አለ እንዴ?)።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ ሁሉንም በ30 ሳጥብ ከርሜ ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ ጀመረኝ። አልጋ ውስጥ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮች በ30 አይሞቱም። ስለዚህ አንሶላውንና የትራስ ልብሱን አልፎ አልፎ በ60 እጠቢ። መጀመሪያ ግን ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ጽሑፍ እዪ፤ 60 ካልፈቀደች ይቅርብሽ።