መልስ፦ ስኪቦርድ ላይ የሚለቅ ባይንዲንግ ግድ ነው ወይ?

አብሽር ወንድሜ፣ ካልጋሪ ያለኸው የኮምቦልቻ ልጅ፣ ስኪ ላይ ቆይቻለሁ አሁን ስኪቦርድ (አጭርና ሰፊ ስኪ) ልገዛ ነው፣ ስወድቅ የማይለቀው ባይንዲንግ (ቡቱን፣ ማለት የስኪ ጫማውን፣ ከቦርዱ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ) ይበቃኛል ወይ ላልከው፣ እኔ ብሆን የሚለቀውን ነው የምገዛው። "አጭር ስለሆነ እግር አይጠመዝዝም" የሚሉህን አትስማ፣ ካልለቀቀ ስትወድቅ ጥምዘዛው ቀጥታ ቅልጥምህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ በተለይ ቡቱ የሚያልቅበት ጋ። ቦርዱ ደግሞ በረዘመ ቁጥር ይብሳል፣ 100 ሳንቲም አካባቢ ከሆነ የማይለቀውን ጭራሽ አታስበው። የሚለቀው ጉልበትህንም ያድንልሃል ግን አልልህም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ርዝመቱን ረጅም ስኪ ለለመደ ሰው ወደ 100 የሚጠጋው ይሻላል፣ አጭሩ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበልክ ጭራው ይከዳሃል። ልብ በል ደግሞ ብዙ ስኪቦርድ ቀዳዳው 4 በ 4 ሳንቲም ስለሆነ የስኪ ባይንዲንግ ዝም ብሎ አይገጥምለትም፣ መሃል የሚገባ ፕሌት ያስፈልግሃል፣ እሱ ከፍ ስለሚያደርግህ ሰፊውን ቦርድ ጠርዙ ላይ ለማቆም ራሱ ይረዳል። የብሬኩ (ባይንዲንጉ ሲለቅ ወደ ታች ወርዶ ቦርዱን የሚያቆመው) ስፋትም ከቦርዱ ወገብ መብለጥ አለበት፣ ጠባብ ከሆነ አይወርድም፣ ያኔ ቦርዱን ከእግርህ ጋር የሚያስር ገመድ ነው መፍትሄው።

ዲን ቁጥሩን (ባይንዲንጉ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነውን) ልምድ አለኝ ብለህ እላይ አትስቀለው፣ በክብደት በቁመት በእድሜና በቡት ሶል ርዝመት ሱቅ ያስተካክሉልህ። (እኔ ስኪውን ኦስትሪያ እያለሁ የለመድኩት ነው እንጂ እዚህ ደሴ ጦሳ ብርዱን እንጂ በረዶውን መች ሰጠን ሃሃ)

የቡትህ ሶል ስንት ሚሊ ነው? ተረከዙ አካባቢ ተጽፏል፣ እሱንና ኪሎህን ጻፍልኝ።