«አየሩ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ራስ ምታትና ስለ ማዞር የጠየቃችሁኝ

ጥቅምት ከገባ ወዲህ አራት ኪሎ ወዳለው ክሊኒካችን የሚመጣው ሰው ገና ሳይቀመጥ ምርመራውን ይነግረኛል። «ራሴን ይወጋኛል፣ ያዞረኛል፣ ቤት ያለው ሁሉ እንደዚሁ ነው። አየሩ ነው መሰለኝ።» በየቀኑ ይህን ስሰማ ጊዜ ጥያቄ ላኩልኝ፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ አልኩ። ላካችሁ። «ዶክተር» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፦ ጤና መኮንን ነኝ። ለሹመቱ ግን አመሰግናለሁ።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ለገሃር ነው። ሰሞኑን ከአሥር ሰው ስድስቱ ራሱን ይዞ ነው የሚውለው። የአየር ግፊት ተለውጦ ነው አሉ። እውነት ነው?

እስቲ ግፊቱን እንየው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች እኛ ጋ 770 ገደማ ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ግን እዚሁ የኖረ ሰው ሰውነት ለምዶታል። የሚያሳምም ነገር ካለ ለውጡ ነው።

ነገሩ የሚገርመውም እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወጀብ ሲገባ ግፊቱ በአንድ ሁለት ቀን 20 እና 30 ሊወርድ ይችላል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ደመናም መጣ ዝናብም ጣለ፣ ግፊቱ እምብዛም ከቦታው አይነቃነቅም። በየቀኑ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ 3 ወይም 4 ሄክቶፓስካል ቢሆን ነው። ይህ ሐምሌም ነበረ፣ በአያቶቻችን ጊዜም ነበረ።

አሁን ከለገሃር ታክሲ ያዝና በቸርችል ጎዳና ፒያሳ ውጣ። መቶ ሜትር ገደማ ከፍ አልክ። በኛ ከፍታ መቶ ሜትር ማለት ወደ 9 ሄክቶፓስካል ነው። ረዳቱ መልስህን ሳይሰጥህ፣ ግፊቱ በቀን ከሚለዋወጠው እጥፍ በላይ ተለወጠብህ ማለት ነው። እንጦጦ አናት ከወጣህማ ለውጡ 70 ያህል ይደርሳል። ፒያሳ ሲደርስ በግፊት የተነሳ ራሱን የያዘ ተሳፋሪ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ያየሁት የታክሲ ሰልፍ ያሳመመውን ነው።

ስለዚህ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያመው ቢሮውን ነው የምጠረጥረው። ጀነሬተሩ የት ነው ያለው? ጭሱ በየት ይወጣል? በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል? መስኮት ይከፈታል? ቅዳሜና እሁድ ቤታችሁ ስትውሉ የሚሻላችሁ ከሆነ ሰማዩን አትክሰሱት።

ጥያቄ፦ ማይግሬን አለብኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሜ አውቃለሁ። ሐኪሞች ግን አያምኑኝም። ቅዠት ነው?

ቅዠት አይደለም እህቴ። የማይግሬን ሰው አንጎል ለውጥ አይወድም። እንቅልፍ ሲዛባ፣ ምግብ ሲዘለል፣ የወር አበባ ሲቃረብ ይቀሰቀሳል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ዓይን የሚወጋ ብርሃንም የሚቀሰቅስባቸው አሉ። በዓለም ላይ በብዙ አገር ተጠንቷል። አንዳንዱ ጥናት ግንኙነት አገኘ፣ አንዳንዱ ምንም አላገኘም። ያገኙትም ቢሆን ግንኙነቱ ትንሽ ነው ይላሉ። ከሕሙማን መሀል አየር በደንብ የሚነካቸው ጥቂቶች ያሉ ይመስላል፤ አንቺ ከነሱ አንዷ ልትሆኚ ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ደመና ሆኖ ያላመመሽን ቀን ቆጥረሽው ታውቂያለሽ? ማንም አይቆጥረውም። ደብተር ያዢና ሁለት ወር ጻፊ። መጀመሪያ ሕመሙን፣ እንቅልፍሽን፣ የበላሽበትን ሰዓት። አየሩን መጨረሻ ላይ ጻፊው። ብዙ ሰው ደመናን ሲከስ ከርሞ ጥፋተኛው ያልተበላ ቁርስ ሆኖ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። ጠዋት ሁላችንም ራሳችንን እያመመን እንነሳለን። ትንሹ ያስመልሰዋል። ሥራ ስገባ ግን ይተወኛል። ብርድ ስለሆነ ማታ ከሰል እናስገባለን፤ የምናስገባው ግን ደጅ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ያነበብኩት ማታ ነው። እስኪነጋ አልጠበቅኩም፣ ወዲያው ጻፍኩላት። ለሌሎቻችሁም እደግመዋለሁ፦ ከሰሉን አውጡት። ዛሬውኑ።

ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ኦክስጅኑ መቀመጫውን ይነጠቃል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ግን አንጎሉ ይራባል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። የሚገድለው ያ እንቅልፍ ነው።

እኔንም ተማሪ ሳለሁ ሊወስደኝ ነበር። አራት ሆነን በጠባብ ክፍል ቡና እያፈላን፣ ዝናብ ስለነበረ በሩን ዘግተን። ሦስተኛው ሳይደርስ አንዷ «ዞረብኝ» አለች። ሳቅንባት። ሁለተኛዋ ስትልማ እኔም ልነሳ ብዬ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በሩን የከፈተችልን ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤት ናት። በማግስቱ ምን አልን መሰላችሁ? «ቡናው ከበደን።» የጤና ተማሪዎች ነበርን እንግዲህ።

ምልክቱን ያዙት። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያመዋል፣ ከቤት ሲወጣ ይሻለዋል፣ ትኩሳት የለም። ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። አየርም አያደርግም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ቶሎ ይጎዳሉ። የደከመ ሰው ካገኛችሁ ደጅ አውጡትና ሆስፒታል ውሰዱት፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደግሞ ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጊዜ ትዋሻለች፤ ጋዙን ከኦክስጅን አትለየውም። «98 ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ እንዳትመለሱ። ከሰል እንደነበረ ለሐኪሙ ራሳችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያመኝ ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ከሰዓት። አየሩ በነዚህ ቀናት ይለወጣል?

የአየሩን እንጃ፣ አንተ ግን ጾመኛ ሳትሆን አትቀርም። እስከ 9 ሰዓት ትቆያለህ፣ ጠዋት ቡና የለም፣ ውሃም የለም። ቡና የለመደ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ከጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። ማክሰኞ ጠዋት ከጠጣህ ረቡዕ ከሰዓት በደንብ አልፎሃል። ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ የከተማው ሁሉ ራስ ምታት «የመጋቢት ፀሐይ» ይባላል። ፀሐዩም አለ፣ ግን ቡናውን አትርሱት። ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ስኒዋን እየቀነሱ መምጣት፣ ማታ ውሃ በደንብ መጠጣት ይረዳል። የረመዳን ጿሚዎችም ይህን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ አያቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ልክ ናት?

አያትህን አልነካም። ፀሐይ መትቶህ ከንፈርህ ላይ ሲወጣብህ «ምች» ትልሃለች። ከንፈር ላይ የሚወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ፀሐዩን መጠርጠሯ ከንቱ አይደለም። ዳማከሴውም ሽታው ደስ ይላል። ከቆላ ተመልሰህ ትኩሳት ከያዘህ ግን መጀመሪያ የወባ ምርመራ፣ ዳማከሴው ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ቆይቼ ፀሐይ ላይ ስወጣ ይዞርብኛል።

እናቴ፣ እዚህ ላይ አየሩ እጁ አለበት። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። መድኃኒቱም ያወርደዋል። ብዙ መቆምም ደሙን ወደ እግር ይስበዋል። ሦስቱ ሲደመሩ ራስዎ ላይ የሚደርሰው ደም ያንሳል። ሲደክምዎ ይቀመጡ፤ መቋሚያውም ወንበሩም ለዚሁ ነው። ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ያስለኩ፣ ልዩነቱን ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። በጾም ቀን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱትም ይጠይቋቸው፣ አይፈሩ።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ ስገለበጥ ቤቱ ይሽከረከራል፣ ወዲያው ይቆማል።

ጆሮህ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ከቦታቸው ሲወጡ እንዲህ ያደርጋል። የአንገት በላይ ሐኪም ጭንቅላትህን በተወሰነ መንገድ እያዞረ ይመልሳቸዋል። ብዙ ጊዜ ኪኒንም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በአንድ ጊዜ ሁላችንም ዞሮብን ያውቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ነን።

በ2017 ዓ.ም. ከሆነ የዞረው ሕንጻው ነው። በፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይደርስ ነበር። በማግስቱ ክሊኒክ መጥተው «ግፊቴ ነው» ያሉኝ አሉ።

ጥያቄ፦ ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ሲታጠን ራሴን ይከፍለኛል። ለጤና ነው ይሉናል።

ነገሩ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የመጣ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እዚህም ደርሶ ከተማዋን በሐዘን መታት። ሰዉ በሽታውን ያመጣው የተበከለ አየር ነው ብሎ ቆሻሻ አቃጠለ። የዛሬው ቆሻሻ ግን የዚያን ጊዜው አይደለም፤ ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ ጭሱን እንደ ክዳን ከድኖ ያስቀረዋል። ከእንጦጦ ጠዋት ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል። የመኪናውም የማገዶውም ጭስ እዚያው ነው። ስለዚህ አየሩ ያመኛል ካልክ በዚህ በኩል እስማማለሁ፤ የሚያምህ አየሩ የተሸከመው ነው። ቤት ጠርገህ ቆሻሻውን አስወስድ፣ እሳቱን ተወው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ሁለት ፓራሲታሞል ካልወሰድኩ አልውልም።

ስንት ጊዜ ሆነህ? በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ከወሰድክ ራስ ምታቱን የሚያመጣው ራሱ ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ከፋርማሲ ወጥተህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ አቋራጩ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የምንሮጠው?

በሕይወትህ አይተኸው የማታውቀው ራስ ምታት እንደ መብረቅ ድንገት ሲመታህ። ፊት ሲጣመም፣ አንድ ጎን ሲከዳ፣ ንግግር ሲያዝ። እርጉዝ ሆና በአምስተኛ ወርና ከዚያ በኋላ ከባድ ራስ ምታት ሲይዛት ወይም ዓይኗ ሲጭበረበር። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ራስ ምታት ሲጀምር።

ትኩሳት ካለና አንገት ከደረቀ ደግሞ ማጅራት ገትር ይሆናል፤ እሱ በአገራችን ወረርሽኝ የሚሆነው በደረቁ ወራት ነው። በክረምት ደግሞ ሰው ተጨናንቆ ሲያድር፣ ልብስ ሳይታጠብ ሲቆይ፣ ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ ይነሳሉ። ወቅት በሽታ ያመጣል ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። በቤታችን፣ በልብሳችን፣ በተዘጋው በራችን በኩል ነው የሚገባው።

የስድስት ኪሎዋ እህት መልሳ ጻፈችልኝ፦ ከሰሉን ካወጣነው ሦስት ቀናችን። ራስ ምታቱ ጠፋ። ግን ብርዱስ? ልጆቹ ሌሊት ይነቃሉ።

ሁለቱን ልጆች መሀል አስተኟቸው። ከወለሉ ቅዝቃዜ እንዲርቁ ከፍራሹ ሥር ካርቶን ወይም ሰሌን አንጥፉ። ካልሲና ኮፍያ አድርጉላቸው፤ ጋቢውን ከብርድ ልብሱ በላይ ደርቡ። ከመኝታ በፊት ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አኑሩት፤ የፈላ ውሃ ግን እንዳይሆን፣ ጠርሙሱ ይቀልጣል። መስኮቱን በጨርቅ የወተፋችሁት ከሆነ ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ትንሹ ልጅ አሁንም የሚያስመልሰው ከሆነ ነገ ጠዋት ይዘሽው ነይ።