«የማን ዝማሬ ነው?» ለሚሏችሁ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ለማስተርስ ወደ ጉጃራት፣ ህንድ ሊሄድ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የሱፊዎች ዝማሬ ግን ልቤን ይነካዋል። ጓደኞቼ ያንተ አይደለም፣ ተወው ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ስለ ቪዛና ስለ ሙቀቱ አልመክርህም፤ እሱን ስልክህ ይነግርሃል። ጥያቄህ ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ለስልጠና አህመዳባድ ተልኬ ነበር። ከተማዋ በጥጥ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ነች፤ «የህንድ ማንችስተር» ይሏት ነበር። በተመደብኩበት ፋብሪካ የሽመና ማሽን የሚጠግኑ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ቻቻ ነበር የምንላቸው። ቅዳሜ ማታ በሠራተኛው ሰፈር ግቢ ተቀምጠው የካቢርን ግጥም ያዜማሉ። ሃርሞኒየም የሚባለው በእጅ የሚናፋ ኦርጋን የራሳቸው ነው። ዶላክ የሚባለውን ከበሮ የሚመታላቸው ሂንዱ ጎረምሳ ነው። የሁለቱም እምነት ሴቶች ከየደጃፋቸው ይቀበላሉ። መሀል ላይ ሻይ ይመጣል። እዚያ ሻይ ወደ ስኒ ማስቀመጫው እየተገለበጠ ነው ፉት የሚባለው፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ካቢር የ15ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። ባናራስ ውስጥ በሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ያደገ፣ ራሱም ሸማኔ። አምላኩን በሂንዱዎች አጠራር «ራም» እያለ ይጠራል፤ የሙላውን ጩኸትም የሂንዱ ካህኑን የብራህሚኑን ጣዖትም ግን እኩል ይወርፋል። በስሙ የሚዜሙ ግጥሞች የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥም ገብተዋል። ሲሞት ሂንዱዎቹ እናቃጥለው፣ ሙስሊሞቹ እንቅበረው ብለው ተጣሉ ይባላል። ከፈኑን ሲገልጡት አበባ ብቻ አገኙ። ግማሹን እነዚህ አቃጠሉ፣ ግማሹን እነዚያ ቀበሩ። ተረት ነው ብትሉም ማግሃር በምትባለው ከተማ የሁለቱም ወገን መታሰቢያ ዛሬም ተቀራርቦ ቆሟል።

የሰው ገላ በድርና ማግ የተሸመነ ስስ ጨርቅ ነው የሚል ግጥም አለ። ቻቻ እሱን ሲያዜሙ እጃቸው በባዶ አየር ላይ መወርወሪያ ይወረውራል። ቋንቋውን አላውቅም ነበር። ያ ከበሮ መቺ ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይተረጉምልኛል። እጃቸውን ግን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

አንድ ማታ ቻቻ «አንተ ሀብሺ ነህ አይደል?» አሉኝ። ራታንፑር የሚባል ቦታ ከሀበሻ አገር መጣ የሚባል ወሊ ተቀብሯል፣ ባቫ ጎር ይሉታል፣ ዝናቡ ሳይገባ እወስድሃለሁ አሉ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1985 ነበር። ለዝቅተኛ መደቦች በሚሰጥ የትምህርትና የሥራ ኮታ ጉዳይ የተነሳ ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ የሂንዱና የሙስሊም ግጭት ሆነ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ወታደር ገባ። ቅዳሜያችን ቀረ። ነገሩ ረገብ ሲል ቻቻ ቤተሰባቸውን ይዘው ሙስሊሞች ወደሚበዙበት ሰፈር ሄደው ነበር። ሃርሞኒየሙን ለዚያ ልጅ ትተውለታል። እሱም አልነካውም፤ ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። እኔም ስልጠናዬ አለቀና ራታንፑርን ሳላይ ተመለስኩ። ቻቻን ዳግም አላየኋቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዝማሬ ሰላም ያወርዳል ብዬ አልዋሽህም። ለጓደኞችህ ግን ይህን ንገራቸው። ራጃስታን ውስጥ ማንጋኒያር የሚባሉ ሙስሊም አዝማሪዎች አሉ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በመጣ ልማድ በሂንዱ ደንበኞቻቸው ሰርግና ልደት ላይ ይዘፍናሉ፤ ስለ ሂንዱው አምላክ ስለ ክሪሽናም ያዜማሉ። ሙስሊምነታቸውን ማን ነጠቃቸው? ወሎ ያደገ ሰው ደግሞ ይህን ማስረዳትም አያስፈልገውም።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገር አልወድላችሁም። ቃዋሊ የሚባለውን የሱፊዎች ዝማሬ ግማሽ ደቂቃ ሰምታችሁ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ። ያ ዝማሬ አንዷን ስንኝ እየደጋገመ ነው የሚግለው፤ ረጋ ብለህ ካልተቀመጥክ አይደርስህም። ስልክህን ኪስህ ክተትና ስማ። እርግጥ ነው፣ የቻቻ ድምፅ በካሴት ቢኖረኝ ዛሬ ምን ባልሰጠሁ! እንግዲያው ቅረጽ፣ ግን መጀመሪያ ስማ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጉጃራቲ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምር። ከዚያ ራታንፑር ሂድ፤ ባሩች ከምትባለው ከተማ ሩቅ አይደለም። ሲዲዎችን ታገኛለህ፤ የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ነው፣ የሚናገሩት ግን ጉጃራቲ ነው። ለባቫ ጎርና ለእህቱ ለማይ ሚስራ በከበሮ ያዜማሉ፣ ይጨፍራሉ። ሂንዱውም ሙስሊሙም ስለቱን ይዞ ይመጣል። ማሉንጋ የሚባል፣ ቅል የታሰረበት የቀስት ቅርጽ ያለው ባለአንድ ክር መሣሪያ አላቸው። እሱን የሚችል ሽማግሌ ካገኘህ አጠገቡ ተቀመጥ። የሚበዛውን ሕዝብ ፍለጋ የበዓል ቀን አትምረጥ፤ ተራ ሐሙስ ይሻልሃል።