ቲቢ ላቦራቶሪ ገብቼ ስለ ውፍረት መመራመር እችላለሁ ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልንገራቸው፣ በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቀሽ ጎንደር ሆስፒታል ላብ ውስጥ ትሰሪያለሽ፣ ማስተርስ ለመማር ያገኘሽው እድል ኢሚውኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ነው፣ ሪሰርቹ ግን ቲቢ ላይ ነው፣ አንቺ ደግሞ ልብሽ ያለው ውፍረት ስብ ውስጥ ኢንፍላሜሽን (የሰውነት መከላከያ የሚያስነሳው ብግነት) እንዴት እንደሚያመጣ ላይ ነው። "የማልፈልገው ነገር ላይ ሁለት ዓመት ላቃጥል ወይ?" ነው ያልሽው።

እኔ ግቢበት ባይ ነኝ። ምክንያቱም የምትፈልጊያቸው ሳይቶካይኖች፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች፣ እዛም ያሉት እነሱው ናቸው። ከነሱ አንዱን ቲኤንኤፍን እንኳን ብናይ፣ በ1993 በፈረንጅ እነ ሆታሚስሊጊልና ስፒግልማን ወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ በብዛት እንደሚመረት አሳዩ፣ ሲያግዱት ደግሞ የአይጦቹ ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሴል ለሚያስገባው ሆርሞን፣ የተሻለ መልስ መስጠት ጀመረ። ከአስር ዓመት በኋላ ማክሮፌጆች የሚባሉ ቆሻሻና ጀርም የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ስብ ውስጥ ገብተው እንደሚከማቹ ታየ፣ የስብ ሴሉ ከልክ በላይ ሲያብጥ ኤምሲፒ-1 የሚባል መጥሪያ ይለቃል፣ ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው ይመጣሉ፣ ማክሮፌጅ ይሆኑና የሞተውን ሴል ዙሪያውን ከበው ቲኤንኤፍ፣ አይኤል-6፣ አይኤል-1ቤታ የሚባሉ ሳይቶካይኖች ይለቃሉ፣ ጎረቤት ያሉት ሴሎችም ኢንሱሊንን መስማት ያቆማሉ። አሁን ቲቢ ጋር ነይ፣ ባክቴሪያውን ከበው የያዙት ማክሮፌጆች ናቸው፣ አጥሩ እንዳይፈርስ የሚያደርገውም ያው ቲኤንኤፍ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው ለመገጣጠሚያ በሽታ ቲኤንኤፍ የሚያግድ መድሃኒት ሊጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ ተኝቶ ያለ ቲቢ እንዳለበት የሚመረመረው።

ባዶ እጅሽንም አይደለም የምትገቢው። ኤላይዛ (ናሙና ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚለካበት ምርመራ) ሰርተሽ ታውቂያለሽ፣ የኤችአይቪ ታማሚዎችን ሲዲ4 የምትቆጥሪበት ማሽን ራሱ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው፣ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር እያሳለፈ የሚለይ፣ ብዙ አመልካች እነዚህን በወረቀት ብቻ ነው የሚያውቃቸው፣ ስለዚህ ሲቪሽ ላይ ከላይ አድርጊያቸው። የስብ ናሙናው ግን ይከብዳል እውነት ለመናገር፣ ቀዶ ጥገና ላይ ያለ ሰርጀን ትብብርና የታካሚው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከዛ ወዲያው ቆራርጠሽ ኮላጂኔዝ በሚባል ኢንዛይም ታሟሚዋለሽ፣ ሴንትሪፊውጅ ስታደርጊው የስብ ሴሎቹ ላይ ይንሳፈፋሉ የኢሚውን ሴሎቹ ታች ይዘቅጣሉ፣ አንቺ የምትፈልጊው ታች ያለውን ነው። ይሄን ለፒኤችዲ አቆዪው።

ሞቲቬሽን ሌተርሽ ላይ "ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድሃኒት አግኝቼ ስኳርን እከላከላለሁ" ያልሽውን ግን በጣም እለምንሻለሁ አውጪው። ተሞክሯል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ቲኤንኤፍን ማገድ አይጦቹ ላይ የታየውን ውጤት አላመጣም። አይኤል-1ቤታን የሚያግደው ካናኪኑማብም ከአስር ሺህ በላይ የልብ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ሃርት አታክን ቀነሰ እንጂ አዲስ ስኳር እንዳይመጣ አላደረገም። የሚያነብሽ ፕሮፌሰር ይሄን ያውቃል።

በሱ ፈንታ የራሳችንን ጥያቄ ጻፊ። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤሎች አገር ቤት እያሉ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም፣ እዛ ከኖሩ በኋላ በጣም ጨመረ፣ ያውም ሌላው ሰው ገና ቀጭን በሚባልበት ክብደት ይይዛቸዋል። ለምን? ስባቸው ውስጥ ያለው ኢንፍላሜሽን ቶሎ ይጀምር ይሆን? አንቺ ጎንደር ሆነሽ ይሄን መጠየቅ ካልቻልሽ ማን ይጠይቅ!

ቴሲስሽን ቲቢና ስኳር አብሮ ያለባቸው ሰዎች ላይ አድርጊው፣ ላቡም ደስ ይለዋል አንቺም ከርእስሽ አትርቂም። ፕሮፖዛል ከመጀመርሽ በፊት አድቫይዘርሽን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፣ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ፕላዝማ (ሴሎቹ የወጡለት የደም ፈሳሽ) አለ ወይ፣ የሰዎቹ ክብደትና የወገብ ልክስ ተመዝግቧል ወይ። የወገብ ልክ ከሌለ ከአሁን ጀምሮ ለሚመጡት እንዲለካ አስፈቅጂ፣ ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው።